ስልክ ቁጥር የሚለው መስመር

ረቡዕ
ከሁሉ በፊት ይህ ይታወቅ፦ እኔ ዘንድ ቁጠባ የሚማሩት ሴቶች ባሎቻቸው የሚመቷቸው ናቸው። አብዛኞቹ ከቤት የሚወጡት "ስፌት ልማር" ብለው ነው። ይህን እያወቅኩ ነው ያጠፋሁት።

ዛሬ የባንክ ቅጽ ሞላን። ከገነተ ማርያም የምትመጣው ይርገዱ የስልኩን ቦታ ባዶ ተወችው። "ባዶ አይተውም" አልኳት በቀይ እስክሪብቶዬ ቦታውን እየነካሁ፤ ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ያልኩትን። ጎንበስ ብላ አንድ ቁጥር በቃሏ ጻፈች። የእጅ ጽሕፈቷን አመሰገንኩ። ቅጾቹን ከሰዓት በኋላ ባንክ አስረከብኩ። የሥራ ባልደረባዬ ሰናይትም ሰኞ ኮን ከተማ ላይ ለራሷ ተማሪዎች ይህንኑ ቅጽ ታስሞላለች።

ሐሙስ
ይርገዱ ቀረች። እሷ እኮ ስልክ የላትም! አብራት የምትማረውን ጎረቤቷን አልጋነሽን ጠየቅኳት።

"የባሏ ቁጥር ነዋ።"

"ታዲያ ለምን ጻፈችው?"

"ባዶ አይተውም ያሉት እርስዎ አይደሉ?"

ሒሳቡ ሲከፈት መልእክቱ የሚገባው እሱ ስልክ ላይ ነው። አምና ከጨው መግዣ ቀነስሽ ብሎ ጣቷን ሰብሯታል።

ባንክ ሮጥኩ። ሠራተኛው ድሮ ያስተማርኩት ነው። "ገና አልተከፈተም። ግን መምህርት፣ ቅጹን ያለ እሷ አልሰጥም።"

"አቆየው እንግዲያ።"

"እስከ ቅዳሜ። አለቃዬ ካልጠየቀኝ።"

ደንቡ ልክ ነው። እኔም ብሆን አልሰጥም።

ዓርብ
ይርገዱ ዛሬም ቀረች። ነጠላዬን አንስቼ ገነተ ማርያም ልሄድ ስል አልጋነሽ በሩ ላይ ቆመች።

"ምን ብለው ሊገቡ ነው? የስፌት መምህርት ነኝ ብለው? የስፌቱን ሣር፣ ስንደዶና አክርማን እንኳ አይለዩም!"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ተቀመጥኩ።

የማላደርገው፦ መደወል። ሰው መላክ። ወረቀት መላክ።
የቀረኝ፦ የነገ ገበያ። ከመጣች።

ቅዳሜ
መጣች! ጌሾ ዘርግታለች። እንደ ገዢ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

"አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ።"

"ቁጥሩ የሱ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም" አለች። "ያን ሰዓት ከሱ ይልቅ ቀይ እስክሪብቶዎን ፈራሁ።"

ማድረግ ያለባትን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። "ምን ይሻልሻል?" አልኳት።

"ቅጹ ይውጣልኝ። ትምህርቱን ግን አልተውም።"

አልጋነሽ ጌሾውን ጠበቀችላት። ባንክ ገባን። ቅጹ ሳይነካ ክምሩ ውስጥ ነበር። ይርገዱ ፈርማ ወሰደችው፤ ውጭ ስንደርስ ለእኔ ሰጠችኝ። "እርስዎ ጋ ይቀመጥ። የራሴ ስልክ ሲኖረኝ እጠይቅዎታለሁ።"

ቀዩን እስክሪብቶ ከቦርሳዬ አውጥቼዋለሁ።

ሰናይት፣ ይህን ገልብጬ የላክሁልሽ ለሰኞው ነው። ባዶ የተወችውን አታስገድጃት፤ የማን ስልክ እንደሆነም ለብቻዋ ጠይቂያት። ማንበብሽን ካላወቅኩ እንቅልፍ የለኝም። እባክሽ ከነገ ሳታሳልፊ መልሺልኝ።