በር ዘጊው ኪኒን

እማ፣ አፈሩ ይቅለልሽ። ከተለየሽን ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ገባ። የምጽፍልሽ ፈርቼ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን መቃብርሽ ዘንድ ወጥቼ ዱዓ አድርጌ እመለስ ነበር፤ አሁን ግን ሆዴ ገፍቶ አቀበቱን አልችለውም። አዎ፣ አርግዣለሁ። ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ባሌ ሰይድ ጭሱ እንዳይደርስብኝ ብሎ ማድቤቱን ከጓሮው ጥግ አርቆ ሠራልኝ። ከልጆችሽ ሁሉ መርጠሽ አስምሽን ለእኔ ነው ያወረስሽኝ፤ ወርቅሽን ግን ለእህቴ ሰጠሻት። ይሁን፣ አልቀየምሽም።

ደሴ ለእርግዝና ክትትል ስሄድ የደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል አሉኝ። ሐኪሟ ኪኒን አዘዘችልኝ። አስም ላለበት ሰው የማይሆን የግፊት መድኃኒት አለ፣ ላንቺ ይኼኛው ይሻላል፣ የካልሲየም በር ይዘጋል አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ንግግር እኔ የሰማሁት «ይዘጋል» የምትለዋን ብቻ ነው።

መቼም አንቺ ትረጂኛለሽ። በእኛ ቤት በሩን ዝጋ የሚል ሰው አልነበረም፤ ገርበብ አድርጉት ነበር የምንለው። ከቤታችን በታች ካለው ሐይቅ የሚመጣው ብርድ ሰተት ብሎ እየገባ፣ ጋቢ ተከናንበን እራት እንበላ ነበር። እንግዳ ሳያውቅ ከዘጋው ደግሞ አየር እንዳያጥርሽ ወሬውን አቋርጠሽ ተነስተሽ ትከፍቺዋለሽ። በተለየሽን ቀን ጠዋትም፣ ሰይድ ባጃጅ ሊጠራ ሲሮጥ፣ ጀርባሽን ደግፌሽ ሳለ፣ ደረትሽን ይዘሽ ተዘጋብኝ አልሽኝ። ሌላ ቃል አልወጣሽም። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ስሰማ የራሴን ትንፋሽ ማዳመጥ እጀምራለሁ።

ኪኒኑን ይዤ መጣሁና ሳልውጠው ቀረሁ። ራሴን ሲፈልጠኝ ሰይድ ጠረጠረ፤ ሲያውቅ እንደ እብድ አደረገው፣ በማግስቱ በሚኒባስ ይዞኝ ወደ ሐኪሟ ተመለሰ።

እሷ አልተቆጣችኝም። እጇን እየጨበጠችና እየዘረጋች አስረዳችኝ። በጡንቻ ላይ በዓይን የማይታዩ በሮች አሉ፤ ካልሲየም በእነሱ ሲገባ ጡንቻው ይኮማተራል። ኪኒኑ የሚዘጋው እነዚያን ነው፤ እነሱ ሲዘጉ የደም ሥሩ ይላላል፣ ግፊቱም ይወርዳል። የመተንፈሻ ቧንቧሽም ጡንቻ እንዲህ ያሉ በሮች ስላሉት ትንሽ ቢያላላው እንጂ አያጠብብሽም አለች። ደስ ሲለኝ አይታ መሰለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ደስታዬን ቀነስ አደረገችው፤ ያ ጡንቻ በውስጡ ያጠራቀመው ካልሲየም አለው፣ ከውጭ ቢዘጉበትም ከጓዳው አውጥቶ መኮማተር ይችላል። ስለዚህ ኪኒኑ ለአስምሽ መድኃኒት አይሆንም፣ በአፍ የምትስቢውን የአስም መድኃኒት እንዳትተይ አለችኝ።

እኔ ገብቶኛል፤ ፍርሃቴ ግን አልገባውም።

ዛሬ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ቢስሚላህ ብዬ ዋጥኩት። ሰይድ ሥራ ያለው መስሎ ደጅ ተቀምጦ ትንፋሼን ያዳምጣል። እኔም አዳምጣለሁ። እስካሁን ደህና ነኝ፤ ሕፃኑም ይንቀሳቀሳል። ነገም ልውጠው ነው፣ ከነገ ወዲያም፣ እየፈራሁ።

እማ፣ አልረሳሽም። ግን ያን ጠዋት ብቻ እያየሁ ላስታውስሽ አልፈልግም። ሰው ሲወለድ መጀመሪያ የሚያደርገው አየር ስቦ መጮህ ነው አይደል? ልጄ ያን ጩኸት ሲጮህ፣ ኢንሻአላህ፣ እኔም ስምሽን ጠርቼ አብሬው እጮሃለሁ። ብቻ እስከዚያ ትንፋሼን አያሳጣኝ።