ለቃኚዋ ብረት ለበስ ሾፌር፣ ለአባቴ

ውድ አባዬ፣

ይኸው ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። እንደምን አለህ ብዬ እንዳልጀምር ያለህበትን አገር አላውቀውም። እኛ ግን አለን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ከተማችን ቆሰበር ዘንድሮም ክረምቱ ከብዶባታል፤ ረፋድ ላይ እንኳ ጉሙ አይገለጥም። የጓሮው ቆርቆሮ ተቀይሯል። ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ያንተን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት ብዬ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ሰው እየገባ ይቀመጥበታል፤ ምን ላድርግ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለዚያ ጨዋታ ነው።

ከመሄድህ በፊት በነበረው ነሐሴ ነው፤ በዝናቡ ምክንያት ደንበኛ ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ላይ የጦርነት ጨዋታዬን ስጫወት አጠገቤ ተቀመጥክ። ካርታው ግማሹ ለምን እንደጠቆረ ጠየቅኸኝ። ያልታየ ቦታ ስለሆነ ነው አልኩህና ቃኚዋን ብረት ለበስ አሳየሁህ። ፈጣን ናት፣ ሩቅ ታያለች፣ ቆዳዋ ስስ ስለሆነ ግን በአንድ ምት ትቃጠላለች። ፊትህ በራ። እኔ እኮ የነዳሁት እንዲህ ያለችውን ነው አልክ። ሰሜን ወታደር እንደነበርክ አውቅ ነበር፤ ምን እንደነዳህ ግን አንድም ቀን ጠይቄህ አላውቅም።

እጅህ መሪ የያዘ ይመስል ጉልበትህ ላይ እየተንቀሳቀሰ አጫወትከኝ። ሦስት ሆናችሁ እንዴት እንደምትታጨቁ፣ በጠባቧ መስኮት መንገዱን እንዴት እንደምታይ፣ ከባድ መትረየስ ከጎን ካገኛት ብረቱ እንደማያድን። የእሷ ሥራ መዋጋት ሳይሆን አይቶ መመለስ፣ ያዩትን መናገር ነው አልከኝ። ድሮ ይኼን የሚሠሩት በፈረስ የሚሄዱ ቃፊሮች ነበሩ፤ መኪናዋ ፈረሱን ተካች እንጂ ሥራው ያው ነው አልክ።

እኔ ደግሞ አንተ እያወራህ አምስት ቃኚ መኪና ተራ በተራ ወደ ጥቁሩ ሰድጄ አስፈጀሁ። በጨዋታው ርካሽ ስለሆኑ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል፤ እነሱ ሲቃጠሉ ጠላት የት እንዳለ ይታያል። ከወንበርህ ተነሣህ።

«ውስጧ ሰው አለ እኮ፣ ልጄ» አልከኝ።

ሳቅሁ። ይባስ ብዬ አንተስ እንዴት ተረፍክ አልኩህ። አንድ ቀን ሸለቆ አፋፍ ደርሰህ፣ ያየኸውን አይተህ፣ መኪናዋን አዙረህ እንደተመለስክ ነገርከኝ።

«ሸሸሁ በለኛ» አልኩህ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ ግን ወዲያው ታውቆኛል፤ ፊትህ ሲጠቁር አይቼዋለሁ። ጋቢህን ትከሻህ ላይ ጥለህ በዝናቡ ወጣህ። ቤት ስገባ ከእማዬ ጋር በአዊኛ ታወሩ ነበር። ሲከፋህ ሁልጊዜ ወደ አዊኛ ትገባለህ፤ እኔ የከተማ ልጅ ሆኜ ግማሹ ያመልጠኛል።

በአገራችን የበደለ ሰው በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ በበደለው ሰው እግር ላይ ይወድቃል፤ ተበዳዩ «አውርድ» ካለው እርቅ ነው። ለአባትና ለልጅ ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል አልኩ። ለዐቢይ ጾም ቅበላ እግርህን ስሜ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ ብዬ ለራሴ ቀጠሮ ያዝኩ። አንተ ጥር ላይ ሄድክ።

በአርባህ ዕለት ጋሽ ይርሳው ከዳንግላ መጣ፤ በዚያች መኪና መትረየስ ተኳሽህ የነበረው። ሸለቆው ውስጥ ጠላት አድፍጦ ነበር አለኝ። ስትዞር መኪናዋ ከጎን ተመታች፤ አዛዣችሁ እዚያው ሞተ። አንተ ሬሳውን ይዘህ እየነዳህ ደርሰህ ባትናገር ኖሮ ከኋላችሁ ይመጣ የነበረው ጦር እዚያ ይቀር ነበር። ይኼን አልነገርከኝም። እኔስ መች አስጨረስኩህ።

በሙት ዓመትህ ድንጋይ ተሸክሜ መቃብርህ ላይ ወደቅሁ። ሰው ቆሞ አየኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። አንገቴ እስኪዝል ቆየሁ። ጋሽ ይርሳው አላስችል ብሎት ሊያወርድልኝ እጁን ሲዘረጋ እማዬ ከለከለችው፤ የተበደለው እሱ አይደለምና። እሷም አላወረደችልኝም። በመጨረሻ ራሴ አወረድኩት።

አባዬ፣ በሕይወት ሳለህ ይቅር ብትለኝ ኖሮ ያቺን ቃል እረሳት ነበር። አሁን የሚያስረሳኝ የለም። ስለ አንተ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ምን እንዳልኩህ አስቀድሜ፣ አንተ ምን እንዳደረግህ ቀጥዬ እናገራለሁ። እስክሞት ድረስ አልረሳህም፤ ቃሌንም አልረሳትም።

ልጅህ