ማሊያህን ያጠብኩበት ቀን

ግርማዬ፣ የኤብሴ አባት፤

ከተለየኸኝ ይኸው ዓመት ከስድስት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም፤ መልስ እንደማትሰጠኝ አውቃለሁ። እኔም ደኅና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ደኅና አይደለሁም፤ ተናድጃለሁ። ኅዳር ላይ የጀመረኝ ንዴት ሁለተኛው ግንቦት መጥቶም አልበረደልኝም። የነፍስ አባታችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ይመክሩኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ጸሎቱን ቀነስኩ እንጂ ቂሙን አልቀነስኩም። ካንተ ደብቄ ለማን ልናገር ብዬ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ኤብሴ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። የፊት ሁለት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው። አባትህ ከእኛ ጋር ናቸው። መሬቱ ከታጠረ፣ አንተም ከሄድክ በኋላ እዚያ ብቻቸውን ምን ያደርጋሉ ብዬ አመጣኋቸው። ጠዋት «አካም ቡልቴ» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኝና ጋቢያቸውን ደርበው እስከ አጥሩ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ለምን እንደሚሄዱ ጠይቄያቸው አላውቅም።

የኳስ ቤቱም አልተዘጋም። ዲሹ አንተ እንደሰቀልከው ነው፣ አግዳሚዎቹም እንደነበሩ ናቸው። ሪሞቱ ግን እኔ እጅ ገባ። ሳቅ፣ ግድ የለም። ኳስ ሲባል ጥዬ የምሄደው ሴት ዛሬ ከጨዋታ ውጪ ማለት ምን እንደሆነ ለአባባ አስረዳለሁ። ሪሞቱ ጀርባ ላይ የለጠፍካት ጥቁር ናስትሮ አሁንም አለች። አንተ ናስትሮ ያልለጠፍክበት ምን ነገር ነበረ? የመብራት ሠራተኛ ማግባት ትርፉ ይኸው ነው። የተሰነጠቀ ባልዲ፣ የኤብሴ እርሳስ መያዣ፣ የራስህ ጫማ ሳይቀር፤ ሽቦ የምትጠቀልልበትን ናስትሮ ከኪስህ መዝዘህ፣ በጥርስህ ቆርጠህ፣ ለጥፈህ «አለቀ» ትላለህ። ይህን ልማድህን ያነሳሁት በምክንያት ነው፤ እመለስበታለሁ።

ያን ክለብህን ልጅ ሆነህ ነው የያዝከው፤ ያኔ ደሃ ነበር፣ በየሳምንቱ ይሸነፍ ነበር። ስንጫጭ ዓለም ገና ታክሲ መያዣው ጋ ሁለት ሰዓት ሙሉ አቁመኸኝ፣ ስትመጣ ዓይንህ ቀልቶ ነበር። ሰው የሞተብህ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ተሸንፋችሁ ነው። ሌላ ሴት ይዘህብኝ ቢሆን ጸጉሯን እነጭ ነበር፤ ክለብ ግን ምኑ ይነጫል? ዝም ብዬ አገባሁህ።

ከዚያ ክለቡ ተገዛ። የገዛው ነጋዴ አልነበረም፣ አገር ነው። ባሕር ማዶ ያለ፣ ከአሸዋ ሥር ነዳጅ የሚቀዳ መንግሥት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ አለመጻፌም አንዱ በቀሌ ነው። የደጋፊዎቻችሁ ሰብሳቢ ሳምሶን ከቡራዩ ድረስ በግ ይዞ መጥቶ እኛ ግቢ አረደ። ሁሉም ሲጨፍር አንተ ጥግ ይዘህ ተቀመጥክ። ምን ሆንክ ስልህ «በአገሩ የተናገረውን ሁሉ የሚያስር መንግሥት ኳስ ወዶ ክለብ አይገዛም፤ ስሙን ሊያጥብበት ነው» አልከኝ። ታዲያ ተወዋ አልኩህ። «ሀብታም ዘመድ መጣባት ተብሎ ሚስት ትፈታለች እንዴ?» ብለህ ሳቅህ። እኔም ሳቅሁ። ጉዳዩ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ያን ኅዳር እንደምታስታውሰው ማስተር ፕላን የሚባለው ወሬ ቤት ለቤት ገብቶ ነበር። አዲስ አበባ ሰፍታ ሰበታንም፣ ቡራዩንም፣ ሱሉልታንም ልትውጥ ነው ተባለ። ገበሬው መሬቴን አለ፣ ተማሪው መንገድ ላይ ወጣ። የአባባ መሬት ግን ገና ወሬው ሳይመጣ በቆርቆሮ ታጥሮ አልቆ ነበር። የከብት መኖ የሚያመርት ድርጅት ነው አሉን። መኖው ግን ለኛ ከብት አይደለም፤ በመርከብ ተጭኖ የሚሄድ ነው። አባባ ከሞፈር ሌላ የሚያውቁት ነገር የላቸውም፣ በሞፈራቸው ላይ አጥር ቆመባቸው።

ያን ቀን ጠዋት ሰዉ ለተቃውሞ እጁን ከራሱ በላይ አጣምሮ ወደ አጥሩ ሲሄድ አባባም አብረው ሄዱ። አንተ ማሊያህን እንደለበስክ «አባባን ይዤ ልምጣ፣ ሙልዬ፣ አሁን እመለሳለሁ» ብለህ ወጣህ። አባባ በእግራቸው ተመለሱ። አንተን በጋሪ አመጡህ። ጥይቱ በጎንህ ነው የገባው። የተኮሰውን ሰው እስከ ዛሬ ማንም ስሙን አልጠራልኝም። ባገኘው ምን እንደማደርገው አልጽፍልህም፣ ትደነግጥብኛለህ።

አሁን የምነግርህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለለቅሶው ፎቶህና ልብስህ ድንኳኑ መሃል እንዲወጣ ሲጠይቁኝ፣ ማሊያህን አውጥቼ ጓሮ ተቀመጥኩ። ደምህን በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩት። ቀዳዳዋን በቀጭን ክር ሰፋኋት፣ ስፌቷ እንኳ አይታይም። ደረቱ ላይ ጥቁር ናስትሮ ከዳር እስከ ዳር ተለጥፎ ነበር። ያ ልማድህ ነው፣ ተቀዶ ለጥፈህበት ነው ብዬ ላጥኩት። ሙጫው አልለቅ ሲለኝ በነጭ ጋዝ ፈተግኩት። ባሌ ለመጨረሻ ጊዜ ሰው ፊት ሲቆም ንጹሕ ይሁን ብዬ ነው። ናስትሮውን ድቡልቡል አድርጌ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

ከቡራዩና ከሱሉልታ ደጋፊዎችህ በሁለት ሚኒባስ መጡ። ሳምሶን ማሊያህን በዘንግ ሰቅሎ ድንኳኑ መሃል አቆመው። ሦስት ቀን ሙሉ ከሥሩ ሆነን ደረታችንን ደቃን።

ክረምቱ ሲገባ አባባ ዝናብ ላይ ቆዩብኝና ኤብሴን ይዤ አጥሩ ጋ ልፈልጋቸው ሄድኩ። በሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ኤብሴ የእንግሊዝኛ ፊደል መቁጠር የጀመረችበት ጊዜ ነበር፤ አንድ በአንድ ቆጠረችና «እማዬ፣ ይሄኮ አባዬ ማሊያ ላይ ያለው ነው» አለችኝ። ቤት ገብቼ ማሊያህን አወጣሁ። እውነቷን ነው። ፊደሉም አንድ፣ ምልክቱም አንድ። ክለብህን ገዝቶ ስሙን ማሊያው ደረት ላይ የጻፈው መንግሥት ነው የአባትህን መሬት ያጠረው። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ አጥቤ፣ አሳምሬ፣ ሰቅዬ፣ በነሱ ስም ሥር አልቅሼልሃለሁ።

ግርማዬ፣ ያን ቀን ያበድኩት እብደት አሁንም አልለቀቀኝም። ተኳሹን አላገኘሁትም። ያን አገር ልደርስበት አልችልም። ከነሱ ነገር ሁሉ እጄ የሚደርሰው አንተ ግድግዳ ላይ የሰቀልከው ቴሌቪዥን ብቻ ነበር። እሱን ያዝኩ። ክለብህ በሚጫወትበት ሰዓት ሁሉ የቱርክ ድራማ ከፈትኩባቸው። ማሊያቸውን ለብሰው፣ ጫታቸውን ይዘው ይመጡና ስታለቅስ የምትውል ሙሽራ ያያሉ። በተሸነፉ ቁጥር ደግሞ ውጤቱን በካርቶን ጽፌ በር ላይ ሰቀልኩ። ተደሰትኩ፤ አልዋሽህም።

ሳምሶን ሊለምነኝ መጣ። «ሙሉ እህቴ፣ ኳስ ሌላ፣ ፖለቲካ ሌላ። ግርማ ቢኖር ይሄን አይወድም ነበር» አለኝ። «ሌላ ከሆነ ታዲያ ስማቸው ደረትህ ላይ ምን ይሠራል?» አልኩት። ክፉ ሰው እንዳይመስልህ፤ ልጁን ባንተ ስም ነው የጠራው። ክለቡን ሲተው ደግሞ አንተን ሁለተኛ የሚቀብርህ ይመስለዋል። ያኔ ግን ለእሱ የሚሆን አንጀት አልነበረኝም፣ አስወጣሁት። ሰው ለለቅሶ መሰብሰብ በሚፈራበት በዚያ ጊዜ ለኳስ መሰብሰብን ማንም አልከለከለም ነበር፤ የከለከልኳቸው እኔ ብቻ ነኝ።

በዚህ ግንቦት ክለብህ ለዋንጫ ደረሰ። አንተ ልጅ ሆነህ ጀምረህ የጠበቅከው ዋንጫ። ሳምሶን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላከብኝ። እንደ ሚስት ጠያቂ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ፤ ቆመው «ልጃችን፣ የግርማን ዋንጫ በግርማ ቤት እንድታሳዪን ነው» አሉኝ። በልቤ እሳት እየነደደ በአፌ እሺ አልኩ። ያሰብኩት ሌላ ነበር። ቤቱ ጢም ሲል፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ ማሊያህን ፊታቸው በነጭ ጋዝ አርከፍክፌ ላቃጥለው ነበር። አንተንም ላቃጥልህ መሆኑ አልጠፋኝም። ካንተ የቀረኝ ልብስ እሱ ብቻ ነው። ቢሆንም ቆርጬ ነበር።

የጨዋታው ቀን ጠዋት ማሊያውን፣ ጋዙንና ክብሪቱን ጓሮ ደርድሬ ስቀመጥ አባባ ከአጥሩ ተመለሱ። ጋዙን አዩ፣ ክብሪቱን አዩ። አልተቆጡኝም። ማሊያውን አንስተው ደረቱን በእጃቸው ዳበሱትና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ናስትሮው የት ሄደ?» አሉኝ።

የቱ ናስትሮ ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ራሴ አስታወስኩት።

አባባ ቁጭ ብለው ነገሩኝ። እኔ እንደማውቅ ይመስላቸው ነበር፤ በለቅሶው ቀን ደግሞ ቀና ብለው ማሊያውን አላዩትም። አንተ የተመታህበት ቀን ጠዋት ሰሌዳው ገና መሰቀሉ ነበር። አንተ ከሥሩ ቆመህ ሰሌዳውን አየህ፣ ጎንበስ ብለህ ደረትህን አየህ። ከዚያ ከኪስህ ናስትሮ መዘዝክ፣ በጥርስህ ቆረጥክ፣ ስሙን ከዳር እስከ ዳር ሸፈንከው። «አባባ፣ ክለቡ የኔ ነው፣ አልሰጣቸውም። ስማቸውን ግን አልሸከምም» አልካቸው። ክንዳቸውን ይዘህ «በሉ እንሂድ» ስትላቸው ነው ተኩሱ የተጀመረው።

እኔ ያን ላጥኩት። እኔ ከክረምት ጀምሮ የታገልኩበትን ጥያቄ አንተ በአንዲት ናስትሮ መልሰኸው ነበር፣ እኔ ደግሞ መልስህን በነጭ ጋዝ ፈተግኩት። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አባባ ክብሪቱን አንስተው ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ ተነሣሁ። የሥራ ሳጥንህን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ከፈትኩት። ተጀምሮ የቀረ ጥቅል ናስትሮ አገኘሁ። እንዳንተ በጥርሴ ቆረጥኩ፤ ጣዕሙ ይመርራል፣ አልነገርከኝም ነበር። መጀመሪያ ያንተን ሸፈንኩ። ከዚያ የኳስ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ሳይሸፈን የሚገባ የለም አልኳቸው። አንዳንዶቹ ሳቁ፣ አንዱ ሰደበኝና ሄደ። ለሌሎቹ አባባ ከጎኔ ቆመው ያን ጠዋት ያዩትን ነገሯቸው፤ ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። መጨረሻ ላይ ሳምሶን መጣ። አዲስ ማሊያ ገዝቶ፣ ስሙ ገና እያብረቀረቀ። አባባን እስከ መጨረሻው ሰማቸውና ደረቱን ሰጠኝ። ለጠፍኩለት፤ ዳሩን እሱ ራሱ ጫነው።

አሸነፋችሁ፣ ግርማዬ። እንድትሸነፉ ስመኝ ነበር፣ ጎሉ ሲገባ ግን ራሴን ቆሜ አገኘሁት። ከዚያ ተጫዋቾቹ ሜዳሊያ አጠለቁ። ነጭ ቀሚስ የለበሰው ባለቤት ከክብር ወንበሩ ወርዶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ዋንጫውን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ፣ እኔ አንተ ካስገባኸው ሶኬት ላይ ሽቦውን ነቀልኩት።

«መብራት ጠፋ!» ብለው ጮኹ። አልጠፋም፣ እኔ ነኝ አልኳቸው። ኳሱን አይታችኋል፣ ኳሱ የግርማ ነው፤ የቀረው ኳስ አይደለም አልኳቸው። የሚያጉረመርም ነበር። ሳምሶን ግን ተነሥቶ «በቃ፣ ወደ ውጭ» አለ፤ ደረታቸው ላይ ጥቁር ናስትሮ እንደለጠፉ በጅማ መንገድ እየዘፈኑ ሄዱ። ስምህን እየጠሩ ነው የሄዱት፤ አባባ በር ላይ ቆመው እስኪርቁ ሰሟቸው።

ቂሜ አልበረደም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ተኳሹንም፣ መሬቱን ያጠረውንም አልረሳም፤ ኤብሴም እንዳትረሳ አስተምራታለሁ። ማሊያህ በቦታው ነው። እሷ ስታድግ ትለብሰዋለች ወይ ትተወዋለች፣ ያ የሷ ነው። ቃል የምገባልህ ግን ይቺን ነው። አንተ የሸፈንከውን እኔ ሳላውቅ ገልጬዋለሁ። ከእንግዲህ እኔ በቆምኩበት በር ያ ስም ተገልጦ አይገባም። ጥቅሉ ሲያልቅ ሌላ እገዛለሁ።

ያንተው ሙሉ
ሰበታ