የአባባ መውጫ

ቅዳሜ፣ ማርች 15፣ 1997፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

አዲሱ የጋራዥ ሪሞት ዛሬም እንቢ አለ። ጣቴ እስኪደነዝዝ ብጫነው በሩ ወይ ፍንክች! አባባ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የፊት ለፊቱን ደረጃ አይችሉትም፤ መውጫቸው ጋራዡ ነው። ሪሞት ከሌለ ደግሞ በሩ ከውጭ አይዘጋም። አሮጌው ሪሞት ከሞተ ጀምሮ እኔ ሥራ ስውል እሳቸው ቤት ተቀምጠው ይውላሉ።

አሌክሳንድሪያ ወደገዛሁበት ሱቅ ደወልኩ። ሻጩ፣ «የበርሽ ሞተር አሮጌ ስለሆነ አዲሱን አይቀበልም። እስቲ የድሮውን ሪሞት ክፈቺው፤ ትንንሽ ስዊቾች ካሉት ተመሳሳዩን እፈልግልሻለሁ» አለኝ።

ከፈትኩት። ስዊቾቹ አሉ፤ ባትሪው የለም!

አባባ አቀረቀሩ። «በረዶ የጣለ ጊዜ፣ አልወጣም ብዬ ለሬዲዮዬ ወሰድኩት። ኋላ አዲስ ገዝተሽ ስትመጪ ለመናገር አፈርኩ፣ ልጄ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ! ልቆጣ ብዬ ሳቄ መጣ። ሬዲዮው ባትሪውን ጨርሶታል። እኔም ያው የአባቴ ልጅ ነኝና የኩሽናውን የጭስ ማስጠንቀቂያ ባትሪ ነቅዬ ከተትኩበት። ነገ መተኪያውን እገዛለሁ።

በሩ እያጓራ ተነሣ። አባባ ካፖርታቸውን ደርበው ሪሞቱን ከእጄ ተቀበሉኝና ወጡ። ከውጭም ራሳቸው ዘጉብኝ።