ስለ ሸክላው የዋሸሁሽ

ውድ ልጄ ያለምወርቅ፣

መርዶሽን የሰማሁት በኅዳር 1978 ዓ.ም. ጠዋት፣ ወደ ጂንካ ገበያ ልወጣ ነጠላዬን ስለብስ ነው። ጎረቤታችን ወልደ ጊዮርጊስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጣ። ተቀመጥ ብለውም እንቢ አለኝ። "ከቀይ አፈር ወደ አልዱባ ስትሄድ የተሳፈረችበት መኪና ተገለበጠ" አለ። ሰው ሁሉ አልዱባ ምን ልትሠሪ እንደሄድሽ ይጠይቃል። እኔ ግን አውቃለሁ።

ቀይ አፈር ከምትሠሪበት ክሊኒክ የጻፍሽልኝ ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር። "እማዬ፣ ሰዉ አፍልቶ ያቀዘቀዘውን ውሃ የሚያኖርበት ክዳን ያለው እንስራ የለውም፤ ሕፃናት በተቅማጥ ይሞቱብኛል። አያቴ ስትሠራ እንዳየሁት እየሞከርኩ ነው፤ እሳት ሲነካው ግን ይሰነጠቃል። ምን ጎደለው? እግዚአብሔር የሸክላ ሠሪ የልጅ ልጅ ያደረገኝ ለዚህ ይመስለኛል።"

አባትሽን ሳገባ የአሪ ሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኔን ከእሱ በቀር ለጂንካ ሰው አልተናገርኩም። ሸክላ ሠሪ በሚናቅበት አገር ማን አብሮን ይበላ ነበር? ስምንት ዓመት ሆኖሽ እናቴ ቤት ጭቃ ስታቦኪ ባገኝሽ ጊዜም እጅሽን መታሁ።

"ረስቼዋለሁ፤ አንቺም ተዪው፣ ሰው ይስቅብሻል" ብዬ ለደብዳቤሽ መለስኩልሽ። አልረሳሁም ነበር። መልሱ አንድ መስመር ነው፦ አሮጌ የሸክላ ገል ወቅጠሽ ከጭቃው ጋር ለውሺው። ይህችን ስለ ነፈግኩሽ የአልዱባን ገበያ ሸክላ ሻጮች ልትጠይቂ መንገድ ወጣሽ።

ከአርባሽ በኋላ ቀይ አፈር ሄድኩ። የተሰነጠቁ እንስራዎችሽ ከክሊኒኩ ጀርባ እንደተደረደሩ ናቸው። ጭቃውን መርገጥ ስጀምር ዘበኛው ዶላሞ ሳቀብኝ።

"እማማ፣ ቀሚስሽ ይበላሻል! የከተማ ሴት ምን ታውቃለች?"

"የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ" አልኩት፣ ልጆቻቸውን ሊያሳክሙ የመጡት ሴቶች ሁሉ እየሰሙ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?"

እሱ ሊቀልድ ነው። እኔ ጭቃውን መርገጤን ቀጠልኩ።

ከሴቶቹ ጋር ያንቺኑ ስባሪ ወቅጠን ለወስን። አሥራ አንድ እንስራ ከእሳት ወጣ፤ አንዱም አልተሰነጠቀም። ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ራሳቸው ይሠራሉ፤ እኔም በየወሩ እየሄድኩ አያለሁ። ፈጣሪ ለእነዚያ ሕፃናት ብሎ በእጄ ያኖረውን ነውር ነው ብዬ ደበቅሁት። አንቺ ግን ሳታፍሪ ለመንሽኝ።

ልጄ፣ ይቅር በዪኝ ለማለት እንኳ አፍራለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ሁሉ፣ እኔን አታጽናኑኝ። ያለምወርቅ ሀብተ ማርያምን ግን በጸሎታችሁ ስሟን ጥሩልኝ፤ ነፍሷን ይማር በሉልኝ።

እናትሽ ባዩሽ