ሣር ረግጦ ስለተባረረው ዘበኛ

ለተከበሩ የሳይንስ ግቢ ማስዋብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የምንሠራ ሰዎች፣ ግቢያችን በእርስዎ አመራር ካማረ ወዲህ፣ ደኅንነታችን ከአበቦቹ ጋር አብሮ ለምልሟል። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ እንዲህ ያለውን ውለታ ለብቻዎ በጆሮዎ ሹክ ማለት ንፉግነት ቢመስለኝ ነው።

፩ኛ፦ ከቤተ ሙከራችን ወደ ክሊኒኩ በቀጥታ የሚወስደውን መንገድ አስፈርሰው በቦታው ሣር ስላስተከሉ፣ ለእኛም ኩሬውን እየዞረ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ የድንጋይ መንገድ ስላስነጠፉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። የእግር ጉዞ ለጤና መልካም ነው፤ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው ደግሞ ጤና የጎደለው ነውና አስበውበታል።

፪ኛ፦ ባለፈው ወር አንዲት ተማሪያችን ዓይኗ ውስጥ አሲድ ተፈናጠረባት። በውኃ ደጋግመን አጥበን፣ ግራና ቀኝ ደግፈን ስናወጣት፣ ነፍሳችን ኩሬ መዞሩን አልታገሥ ስላለች ወደ ሣሩ ገባን። ለሣሩ የመደቡት ዘበኛ «ኧረ በዙሪያ ሂዱ! ከሥራዬ ልታስባርሩኝ ነው?» እያለ እየሮጠ መጣ። ልጅቷ ግን «ጋሼ፣ ምንም አይታየኝም» ስትለው ዱላውን ወርውሮ አዘላት፤ ያንን የተከበረ ሣር መሐል ለመሐል ሰንጥቆም ክሊኒክ አደረሳት። እኛ ባዶ እጃችንን እየሮጥን አልደረስንበትም።

፫ኛ፦ በማግስቱ ይህንኑ ሰው «የተሰጠውን አደራ ረግጧል» ብለው ሲያሰናብቱት፣ የፍትሕዎ ፍጥነት አስደነቀን፤ ስለተቃጠለው የኮሪደራችን መብራት የጻፍነው ማመልከቻ እንኳ መልስ ካጣ ዓመት አልፎታልና። ሣሩ ወዲያው ቀና ብሏል፤ ሰውዬው ግን እስከ ዛሬ አንገቱን እንደደፋ ነው።

ስለዚህ ዘበኛውን ወደ ሥራው እንዲመልሱልን በትሕትና እለምናለሁ። ይህ ለሣሩ ክብር የማይመች ከሆነ እኔንም ከእሱ ጋር ያሰናብቱኝ፤ የረገጥነው አብረን ነው፣ በክብደትም ቢሆን እኔ እብሳለሁ።

ውበት አዋቂ ዓይንዎ አይደብዝዝ እያልኩ፣ የጫማዬን ሶል አራግፌ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራው ኃላፊ

ማስታወሻ፦ ስለ ሣሩ ሦስት ጊዜ ደውለው ጠይቀውናል። ስለ ልጅቷ ሳይጠይቁ የቀሩት ሥራ በዝቶብዎ ይሆናልና እኔው ልንገርዎ፤ ዓይኗ ተርፏል። ፋሻው እንደተፈታላት «ጋሼስ የታሉ?» ብላ ጠይቃናለች። ምን ብለን እንመልስላት?