በኦቦ ዮናስ ራስ ዙሪያ የታየው ነጭ

እሑድ

ፎቶው የታተመበት ሸራ ሲገለጥ ማንም አላጨበጨበም። አንዲት ሴት ብቻ «ኩን ማሊ?»፣ ይሄ ምንድን ነው፣ ስትል ሰማሁ። ምን እንደሆነ እኔም ያየሁት ያኔ ነው።

በኦቦ ዮናስ ራስ ዙሪያ ነጭ ክብ አለ። ልክ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ እንዳሉት የቅዱሳን ሥዕሎች። ኦቦ ዮናስ ደግሞ ጴንጤ ናቸው፣ ያውም የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ። እዚህ ነገሌ ሠላሳ ዓመት በድሬሰርነት ሰው ሲያክሙ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ የዛሬው መሸኛቸው ነበር። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ከኋላዬ አንዱ «የመምህሩ ልጅ ቀለደብን» አለ፤ እኔን ማለቱ ነው። ቀልድ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ኦቦ ዮናስ ዞር ብለው ሲያዩኝ አንገቴን ደፋሁ።

ሰኞ

ስቱዲዮውን አልከፈትኩም። እንዴት እንደሆነ ልጻፈው፣ ምናልባት ይቀለኝ ይሆናል።

ያነሳኋቸው ክሊኒኩ ውስጥ፣ ቁስል ሲያጥቡ በኖሩባት ጠባብ ክፍል ነው። ክፍሏ ጨለማ ናት። ከመስኮቱ ማዶ እናቶች ተራ የሚጠብቁበት ግራር አለ፤ እዚያ ፀሐዩ እንደ ጉድ ይነድዳል። እሳቸው ሁለቱም ይታዩልኝ አሉ። ባንድ ፎቶ አይሆንም፦ ፊታቸው ከታየ ግራሩ ይነጣል፣ ግራሩ ከታየ ፊታቸው ከሰል ይሆናል። ስለዚህ ካሜራውን ተክዬ ሦስት ጊዜ አነሳሁ፤ አንዱን ጨለም፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን ፈካ አድርጌ። ኮምፒውተሩ ሦስቱን አንድ አደረጋቸው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ብርሃን ስክሪንም ሸራም አይችለውም፤ መጨመቅ አለበት። አንደኛው መንገድ መላውን ፎቶ ባንድ ሕግ ያወርደዋል፤ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ግን አይዋሽም። ሁለተኛው እያንዳንዱን ቦታ ከጎኑ ካለው ጋር እያነጻጸረ ለየብቻ ያስተካክላል። ሁሉም ነገር ቁልጭ ይላል፤ ጨለማው ከብርሃኑ በሚዋሰንበት ቦታ ግን ነጭ ጠርዝ ይተዋል። ጥቁር ራስ ከነጭ መስኮት ፊት ለፊት!

ይሄን አውቃለሁ። ሻኪሶ ላሉት ፎቶ አንሺዎች ራሴ ነበርኩ ያስረዳሁት። እያወቅኩ ሁለተኛውን እስከ መጨረሻው ገፋሁት። የግራሩ ቅጠል አንድ ባንድ ሲቆጠር ሳይ ሰከርኩ። የሰውየውን ራስ አላየሁም፣ ቅጠል ነበር የማየው።

ማክሰኞ

ባለቤታቸው አዴ ማርታ መጡ። ከሰላምታ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሆን ብዬ አድርጌው እንደሆነ።

«ሐዋሳ ያለው አታሚ ነው ያበላሸው» አልኳቸው።

እንዴት ቀልጥፎ ወጣ! እሳቸውም አመኑኝ። እኛም አንተ እንደዚህ አታደርግም ብለናል አሉና አቅፈውኝ ሄዱ። ምነው በጥፊ ባሉኝ።

ረቡዕ

የባሰ መጣ። ልጃቸው የምትሠራው ሐዋሳ ነው። ነገ ጠዋት አታሚው ዘንድ ሄዳ ልትጣላው ነው አሉ። እሷ ያለችበት ቤተ ክርስቲያን ሥራውን ሁሉ የሚያሳትመው እዚያ ነው፤ ያንንም ልታስቀርበት። ሰውየው ምን አደረገ? የላክሁለትን አተመ።

ምሳዬን ትቼ ፎቶውን በአንደኛው መንገድ ደግሜ ሠራሁት። ክፍሏ ጨለም አለች፣ ግራሩም ግማሹ ነጣ። ፊታቸው ግን ፊታቸው ሆነ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ እዚያችው ክፍል፣ አገጬን ሲሰፉልኝ ቀና ብዬ ያየሁት ፊት።

አሥር ሰዓት ላይ ቤታቸው ሄድኩ። ተቀመጥ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም።

«አታሚው አይደለም ኦቦ፣ እኔ ነኝ። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት» አልኩ። ጆሮዬ ድረስ ነደደኝ። አዴ ማርታ ፊታቸውን አዞሩ።

ኦቦ ዮናስ የጠየቁኝ ስለ ፎቶው አልነበረም።

«ሰውየው ስሙን እንዳጠፋኸው ያውቃል?»

አያውቅም አልኩ።

«እንግዲያው ደውልለት። እዚሁ።»

እሳቸው ፊት ደወልኩ። አታሚው ሁሉንም ሰምቶ፣ ነጩን ሲያትም አይቶት እንደነበር ነገረኝ፤ ፈልጌው መስሎታል። ይቅርታዬን ተቀበለ፣ ድምፁ ግን ቀዘቀዘብኝ። አዴ ማርታ ወዲያው ለልጃቸው ደውለው አስቀሯት። እኔን ደህና ዋል እንኳ አላሉኝም።

ቅዳሜ

አዲሱ ሸራ ዛሬ በአውቶቡስ ደረሰ። ወስጄ ዘረጋሁላቸው። ኦቦ ዮናስ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«አዎ፣ ክፍሏ ጨለማ ነበረች» አሉ።

ሚስማሩን ራሳቸው መቱ። የድሮው ሸራ የት እንደገባ አልጠየቅኩም። ስወጣ የዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ፣ ፊቱ ወደ ታች ተደፍቶ አየሁት።

በር ድረስ ሸኙኝ። ከፋሲካ በኋላ ያቺው ልጃቸው ልትዳር ነው። «አንተም ና» አሉኝ።

ካሜራህን ይዘህ አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም።